ጣት ቃታ ላይ ከማረፉ በፊት

(ለእጩ የፖሊስ መኮንኖችና ለሕግ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ንግግሬን ከአንድ የሽቦ አጥር ሥር ልጀምር።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1974 ነው፤ ቦታው አሜሪካ፣ ቴነሲ ግዛት፣ ሜምፊስ ከተማ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከምሽቱ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ሁለት ፖሊሶች ሌባ ቤት ገብቷል የሚል ጥሪ ደርሷቸው ይመጣሉ። አንዲት ሴት በረንዳዋ ላይ ቆማ የጎረቤቷን ቤት በእጇ ታመለክታቸዋለች፤ መስታወት ሲሰበር ሰምታለች። አንደኛው ፖሊስ በጓሮ በኩል ሲዞር በር ሲላተም ይሰማል፤ ወዲያው አንድ ሰው ጓሮውን አቋርጦ ሲሮጥ ያያል። ሯጩ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ከፍታ ካለው የሽቦ አጥር ሥር ሲደርስ ቁጢጥ ይላል። ፖሊሱ የእጅ ባትሪውን ያበራበታል። ፊቱን ያያል፤ እጆቹን ያያል። መሣሪያ አላየም፤ በኋላም ልጁ ባዶ እጁን እንደነበር ያን ጊዜውኑ ከሞላ ጎደል እርግጠኛ እንደነበር ተናግሯል። “ፖሊስ! ቁም!” ብሎ ጮኸ። ልጁ አጥሩ ላይ መንጠላጠል ጀመረ። ከተሻገረ አይያዝም ብሎ አሰበና ተኮሰ፤ ጥይቷ ልጁን ከኋላ ጭንቅላቱን መታችው። ሟቹ 15 ዓመቱ ነበር። ላዩ ላይ የተገኘው ከቤቱ የተወሰደ አንድ የሴት ቦርሳና 10 ዶላር ነው።

ይህን ታሪክ ለእጩ መኮንኖች ስነግር ቁጣቸው በቀጥታ ወደ ተኳሹ ይሄዳል። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ከተኳሹ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ ሰውየው ሕጉ የፈቀደለትን ነው ያደረገው። የግዛቲቱ ሕግ ተጠርጣሪው እንደሚያዝ ተነግሮት ከሸሸ ፖሊስ እሱን ለመያዝ አስፈላጊ የሆነውን መንገድ ሁሉ እንዲጠቀም ይፈቅድ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ መመሪያም ቤት ሰብሮ የገባ ሸሺ ላይ መተኮስን አልከለከለም። ቴነሲ በጋርነር ላይ በሚል ስም የሚታወቀው ክርክር (ጋርነር የሟቹ ልጅ ስም ነው) ከ10 ዓመት በላይ ተጉዞ በ1985 ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ አገኘ፤ ስድስት ዳኞች በሦስት ላይ። ተጠርጣሪ ሁሉ ከሚያመልጥ ይሙት ማለት አይቻልም፤ የሚሸሸው ሰው ለፖሊሱም ለሌላውም ለሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ፣ መሸሹ ብቻ ለመግደል አያበቃም ሲል ፍርድ ቤቱ ወሰነ።

ያ ሕግ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ከጥንቱ የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ይወስዳችኋል። በዚያ ዘመን ከባድ ወንጀል የሚባለው ሁሉ ማለት ይቻላል በሞት ያስቀጣ ነበር፤ ስለዚህ ሸሺውን መግደል ፍርዱን ቀድሞ እንደመፈጸም ይቆጠር ነበር። አሳዳጁም በወገቡ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው አልነበረም፤ ትግሉ እጅ ለእጅ ነበር። ዘመን ተለወጠ፣ ቅጣቱ ቀለለ፣ መሣሪያው ረቀቀ፤ የሕጉ ዓረፍተ ነገር ግን መጽሐፉ ውስጥ እንደነበረ ቀረ። ያን ምሽት ቃታውን የሳበው የፖሊሱ ጣት ነው። ጥይቷን ያጎረሰው ግን ሕጉ ነበር።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይኸው ነው። ስለ ፖሊስ ተኩስ ስንከራከር ሁላችንም የምናየው ያችን አንዲት ቅጽበት ነው፤ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም? ጥይቱ የሚጎርሰው ግን ከዚያች ቅጽበት በፊት ነው፤ በሕግ አርቃቂው ጠረጴዛ፣ በዘመቻ አቃጁ ካርታ፣ በግምጃ ቤቱ መዝገብ ላይ።

አሁን በዓለም ዙሪያ የፖሊስ መሣሪያ አጠቃቀም የሚለካበት ዋናው ሰነድ በ1990 ሃቫና ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ስምንተኛ የወንጀል መከላከል ጉባኤ የጸደቀው ነው። 26 መርሆዎች አሉት። ሁሉንም አላነብላችሁም፤ ዘጠነኛውን ግን በቃላችሁ እንድትይዙት እለምናችኋለሁ። ሕግ አስከባሪ በሰው ላይ መሣሪያ መጠቀም የሚችለው ራሱን ወይም ሌላውን ሰው ከተደቀነ የሞት ወይም የከባድ አካል ጉዳት አደጋ ለመከላከል፣ ወይም ለሕይወት እንዲህ የሚያሰጋን ሰው ለማስቆምና ለመያዝ ነው፤ ያውም ከዚያ ያነሰው ዘዴ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር። ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ ደግሞ ሕይወት ለማዳን ሌላ መንገድ ፈጽሞ ሲጠፋ ብቻ የተፈቀደ ነው። አስተውሉ፤ ንብረት በዚህ ውስጥ የለም። ትእዛዝ አለመቀበል የለም። ፖሊስን መሳደብ የለም። ስምንተኛው መርሆ የአገር ውስጥ አለመረጋጋትም ሆነ ሌላ አስቸኳይ ሁኔታ ከእነዚህ መርሆዎች ለመውጣት ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። ይህን የጻፉት ሰዎች መንግሥታት በጭንቅ ቀን ምን እንደሚሉ አስቀድመው ያወቁ ይመስለኛል።

አሥረኛው መርሆ ስለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እዚህ ላይ የገዛ ቋንቋችን ያሳስተናል። “ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ተኮሰ” ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ነው። መርሆው የሚናገረው ግን ስለ ቃል ነው። ፖሊስ መሆንህን አስታውቅ፤ ልትተኩስ መሆኑን በግልጽ ተናገር፤ ሰውየው ሰምቶ የሚታዘዝበት ጊዜ ስጠው። ይህን ማድረግ ሕይወት ላይ አደጋ የሚጥል ወይም ጭራሽ ትርጉም የሌለው ካልሆነ በቀር ግዴታ ነው። ወደ ሰማይ መተኮስን አንዳንድ አገሮች በሕግ ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች ፈጽመው ይከለክላሉ። እኔ ከከልካዮቹ ጋር ነኝ። ወደ ላይ የሄደ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም፤ ተመልሶ የሚያርፍበትን ቤት ተኳሹ አያውቀውም። ከዚያም በላይ፣ ድምፁን የሰማው ሌላው ፖሊስ ማን በማን ላይ እንደተኮሰ ስለማያውቅ የተተኮሰብን እኛ ላይ ነው ብሎ አፈሙዙን ወደ ሰዉ ሊያዞር ይችላል። አንድ የማስጠንቀቂያ ጥይት አሥር የእውነት ጥይት የሚወልደው እንዲህ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለቃል ነው፤ ቃል ግን ቢያንስ በይቅርታ ይታረማል።

“ለምን እግሩን አይመታውም?” የሚለውም ጥያቄ ከሕዝቡ ዘንድ ሁልጊዜ ይነሣል። ጥያቄው የርኅራኄ ነው፤ አክብሬ እመልሳለሁ። ጭን ውስጥ ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፤ እሱ ከተበጠሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ያልቃል። የሚንቀሳቀስ እግር ደግሞ ከተረጋጋ ተኳሽም ያመልጣል፤ ልቡ እየደለቀ እጁ ከሚንቀጠቀጥ ሰውማ ምን ይጠበቃል? የሳተችው ጥይት ከኋላ ያለውን መንገደኛ ታገኛለች። ስለዚህ ሕጉ የትኛውንም ተኩስ ገዳይ ኃይል አድርጎ ሊቆጥረው ይገባል። እግር መምታት ቀላል እርምጃ ነው ብሎ የሚያምን ፖሊስ መተኮስ በማይገባው ጊዜ ይተኩሳል።

ገዳይ ስላልሆኑ ስለሚባሉት መሣሪያዎች ብዙ አልቆይም። ስማቸው ራሱ ያታልላል። የጎማ ጥይት ዓይን ያጠፋል፤ በቅርብ ርቀት ራስ ላይ ካረፈ ይገድላል። አስለቃሽ ጭስ መውጫ በሌለው ቦታ ሲተኮስ ሰው ተረጋግጦና ታፍኖ ይሞታል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ1993 የተፈረመው የኬሚካል ጦር መሣሪያ ስምምነት አስለቃሽ ጭስን በጦርነት ውስጥ ይከለክላል፤ ለሕግ ማስከበር ሲሆን ግን ይፈቅዳል። በ1899 የሄግ ጉባኤ ወታደር እንዳይጠቀምባት የተከለከለችውን፣ ሰውነት ውስጥ ገብታ የምትሰፋዋን ጥይት ደግሞ ዛሬ ብዙ የፖሊስ ተቋማት ይታጠቋታል፤ ምክንያታቸው አንዱን ሰው በስታ አልፋ ሌላውን እንዳትመታ ነው። የጦር ሜዳና የጎዳና ሕግ የተለያዩ ናቸው። ለወታደር የተጻፈን መመሪያ ለፖሊስ የሚያነብ አዛዥ ሁለቱንም አላወቀም።

ከእናንተ መካከል በሥራ ላይ የቆያችሁት አሁን በልባችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። “መምህር፣ አንተ አዳራሽ ውስጥ ቆመህ ነው የምትናገረው፤ እኛ የምንወስነው በሽርፍራፊ ሰከንድ ነው።” እውነት ነው። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1989 ግራሃም በኮነር ላይ በተባለው መዝገብ የፖሊስ ድርጊት የሚመዘነው በቦታው በነበረ አስተዋይ ፖሊስ ዓይን እንጂ ነገሩ ካለፈ በኋላ በሚገኝ ብርሃን አይደለም ብሏል። ይህ ፍትሐዊ ሚዛን ነው፤ እቀበለዋለሁ። የማልቀበለው ሚዛኑ ያችን ሰከንድ ብቻ ሲመዝን ነው። ፖሊሱን እዚያች ሰከንድ ውስጥ ያስገባው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት የጠየቀው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ነው። መጋቢት 1988 በስፔን ደቡብ ጫፍ ባለችው የብሪታንያ ግዛት በጂብራልታር ውስጥ የብሪታንያ ልዩ ኃይል ወታደሮች በመኪና ቦምብ ሊያፈነዱ ነው የተባሉ ሦስት የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር አባላትን ተኩሰው ገደሉ። ሲፈተሹ መሣሪያም የማፈንጃ መቆጣጠሪያም አልያዙም። ወታደሮቹ የተነገራቸው ሰዎቹ በእጃቸው ቁልፍ ተጭነው ቦምቡን ሊያፈነዱ ይችላሉ የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1995 ወታደሮቹ የተነገራቸውን ከልብ አምነው ስለተኮሱ የእነሱ ድርጊት በራሱ ጥሰት አይደለም አለ። ቀጥሎ ግን መንግሥትን ጥፋተኛ አደረገ፤ አሥር ዳኞች በዘጠኝ ላይ፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ። ሰዎቹ ድንበር ላይ ሊያዙ ሲችሉ እንዲገቡ ተደርጓል፤ የስለላ መረጃው ስህተት ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ የለም፤ ግምቱ እንደ እውነት ሆኖ ለተኳሾቹ ተላልፏል። በዚያች በአንዲት ድምፅ ብልጫ የፖሊስ ተኩስ ፍርድ ከጣት ወደ ዕቅድ ተሻገረ።

ለንደን ውስጥ በ2005 የሆነውም ከዚህ አይርቅም። የባቡር ፍንዳታዎች በደረሱ በ15ኛው ቀን ፖሊስ አንድ የ27 ዓመት ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛን አጥፍቶ ጠፊ ነው ብሎ ባቡር ውስጥ ገደለው። ወጣቱ ምንም አላደረገም። ፖሊስ ተጠርጣሪ ይኖርበታል ብሎ የሚከታተለው ሕንፃ የጋራ መኖሪያ ነበር፤ ወጣቱ ከዚያ ሲወጣ በካሜራ ቀርጾ ማንነቱን እንዲለይ የተመደበው ክትትል ሠራተኛ በዚያች ደቂቃ ለሽንት ዘወር ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የሬዲዮ መልእክት ጥርጣሬውን ወደ እርግጠኝነት እየቀየረ ሄደ። አንድም ተኳሽ አልተከሰሰም፤ የከተማዋ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ግን በ2007 የሕዝብን ደህንነት ለአደጋ በማጋለጥ ጥፋተኛ ተብሎ 175,000 ፓውንድ ተቀጣ። ቅጣቱ ለሟች እናት ምን ያደርግላታል? ምንም። ነገር ግን ፍርዱ ስህተቱ ያለበትን ቦታ በትክክል ጠቁሟል።

አሁን ወደ ራሳችን አህጉር ልምጣ። ነሐሴ 16 ቀን 2012፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ማሪካና። የፕላቲኒየም ማዕድን ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው አድማ መትተዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት 10 ሰዎች ተገድለዋል፤ ከእነሱ መካከል ሁለቱ ፖሊሶች ናቸው። ይህን የምናገረው እዚያ የተሰለፉት ፖሊሶች ሐዘንና ፍርሃት ይዘው እንደመጡ እንድታውቁ ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ፖሊስ 34 ሰዎችን ገደለ። ግማሾቹ የሞቱት በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ነው፤ ሌሎቹ 17 ደግሞ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ ድንጋያማ ጉብታ ላይ፣ የመጀመሪያው ተኩስ ካበቃ በኋላ።

በጡረታ ላይ በነበሩት ዳኛ ኢያን ፋርላም የሚመራው አጣሪ ኮሚሽን ውጤቱ በ2015 ይፋ ሲሆን የተገለጠው የአንድ ጣት ታሪክ አልነበረም። ያን ቀን ሠራተኞቹን የግድ ትጥቅ እናስፈታለን የሚለው ውሳኔ የተላለፈው በዋዜማው ሲሆን ዕቅዱ የተሰናዳው በጥድፊያ ነው። ለሰልፍ ጥበቃ የተሰማሩ ፖሊሶች አር 5 የተባለውን ለጦር ሜዳ የተሠራ አውቶማቲክ ጠመንጃ ታጥቀዋል። ጠዋት ላይ፣ አንዲት ጥይት ሳትተኮስ፣ አራት የአስከሬን መኪኖች ተጠይቀዋል። እባካችሁ እዚህ ላይ ቁሙና አስቡ፤ ለሬሳ መኪና የተዘጋጀ ዕቅድ ለቁስለኛ አልተዘጋጀም፤ የመጀመሪያው ቦታ ላይ የወደቁት ሰዎች የሕክምና እርዳታ እስኪደርሳቸው አንድ ሰዓት ያህል አልፏል። የዚያ ጠመንጃ ጥይት ደግሞ ሰውነት ውስጥ ስለሚበታተን የትኛው ጥይት ከየትኛው ጠመንጃ እንደወጣ መለየት አስቸገረ። ለፖሊስ መሣሪያ ሲመረጥ በኋላ የሚመጣው ምርመራም አብሮ መታሰብ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ኮሚሽኑ አውቶማቲክ ጠመንጃ ከሰልፍ ጥበቃ እንዲወጣ መክሯል።

ሃቫና ላይ የጸደቀው አሥራ አንደኛው መርሆ ስለዚህ ስለ ግምጃ ቤት ነው፤ ሰው ሁሉ ዘሎት ያልፋል። የትኛው መሣሪያና ጥይት ለየትኛው ግዳጅ እንደሚፈቀድ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ማን ወጪ አድርጎ ለማን እንደሚሰጥና ማን እንደሚጠየቅበት ሕግ ይደንግግ ይላል። በተግባር ይህ ማለት አንድ ባለ መስመር መዝገብ ነው። የሽጉጡ ቁጥር፣ የተረካቢው ስም፣ ወጪ የሆነው ጥይት 15፣ ተመላሽ የሆነው 14። ያች የጎደለች አንዲት ጥይት የት እንዳረፈች በዚያው ሌሊት የሚጠይቅ ግምጃ ቤት ጠባቂ ካለ፣ ያ ጣቢያ ሕግ አለው ማለት ነው። ነገ ይሞላል ተብሎ ባዶ የተተወ መስመር ካያችሁ ግን የመመሪያውን መጽሐፍ ለማንበብ አትድከሙ።

በፖሊስ እጅ ስላለው መሣሪያ ይህን ካልኩ፣ በግለሰብ እጅ ስላለው ዝም ብል ግማሹን ደብቄ መሄዴ ነው። ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። በር የሚያንኳኳ ፖሊስ ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ የሚገምተው በአገሩ ካለው የመሣሪያ ብዛትና ቁጥጥር ነው። አይስላንድ ውስጥ ለአደን የሚያዝ ጠመንጃ ጥቂት አይደለም፤ ግን በፈቃድና በምዝገባ ነው። እዚያ ተራው ፖሊስ ያለ ሽጉጥ ይሠራል፤ ከ1944ቱ የሪፐብሊክ ምሥረታ ጀምሮ ፖሊስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ተኩሶ የገደለው በታኅሣሥ 2013 ነው። በአሜሪካ ደግሞ ጋዜጠኞች ከ2015 ጀምሮ ባደረጉት ቆጠራ በፖሊስ ጥይት የሚሞተው ሰው በየዓመቱ 1000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ልዩነት ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም፤ ከበሩ ጀርባ ያለው ሥጋት ግን አንዱና ትልቁ ነው።

የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረቱ ሦስት ጥያቄ ነው፦ ማን ያዘው? ለምን ያዘው? የት ያስቀምጠዋል? አውስትራሊያ በሚያዝያ 1996 ፖርት አርተር ላይ አንድ ሰው 35 ሰዎችን ሲገድል ሁለተኛውን ጥያቄ አጥብቃ ጠየቀች። በ12 ቀን ውስጥ የፌዴራሉና የግዛቶቹ መንግሥታት ተስማሙ፤ ራስን መከላከል ብቻውን ፈቃድ ማግኛ ምክንያት መሆኑ ቀረ፤ ወደ 650,000 የሚጠጋ መሣሪያ በመንግሥት ገንዘብ ተገዝቶ ተሰበሰበ። ኒውዚላንድ በመጋቢት 2019 ክራይስትቸርች ላይ 51 ሰጋጆች ከተገደሉባት በኋላ አብዛኞቹን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች በወር ውስጥ አገደች፤ ምክር ቤቱ ሕጉን 119 ለ 1 አጸደቀው። ለመሰብሰብ ስትነሣ ግን ስንት እንዳሉ አታውቅም ነበር፤ ለብዙ ዓመታት የምትመዘግበው ባለፈቃዱን እንጂ አብዛኛውን ጠመንጃ አልነበረምና። ያልተቆጠረን ነገር መሰብሰብ አይቻልም። ቆጠራ መሣሪያ ማስፈታት ነው ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ፣ ሥጋታችሁ ይገባኛል፤ መሣሪያው የተመዘገበለት ሰው ግን ሲሰረቅበትም የሚጮህበት ቦታ ያገኛል።

ከተኩስ በኋላ ስላለው ጥቂት ልበል። መጀመሪያ ለቆሰለው እርዳታ፣ ጠላት ነው ተብሎ የተጠረጠረውም ቢሆን። ቀጥሎ ለቤተሰቡ መንገር። ከዚያ ሪፖርት፣ ከዚያ ከተኳሹ አለቃ ውጪ የሆነ መርማሪ። በ1991 ወጥቶ በ2016 የታደሰው የሚኒሶታ ፕሮቶኮል የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ አጠራጣሪ ሞት እንዴት እንደሚመረመር በዝርዝር ያስቀምጣል፤ የሕግ ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትመረቁ። አለቃዬ አዞኝ ነው የሚለው መልስ ትእዛዙ ሕገወጥ መሆኑ ግልጽ ከሆነና እምቢ ለማለት ዕድል ከነበረ አያድንም፤ አዛዡም አብሮ ይጠየቃል። የተኮሰውም ፖሊስ ሰው ነው፤ ሃያ አንደኛው መርሆ የሥነ ልቦና ምክር ይሰጠው ይላል። ይህን እንደ ቅንጦት የሚያይ ተቋም ያንኑ ሰው ከነድንጋጤው በማግስቱ ሽጉጥ አስታጥቆ ጎዳና ላይ ያቆመዋል።

ሥልጠና ላይ ባጋጠመኝ ነገር ላብቃ። አዳራሹ ጨለማ ነው፤ ግድግዳው ላይ ፊልም ይታያል፤ ሠልጣኙ የመለማመጃ ሽጉጥ ይዞ ፊልሙ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይቆማል። አንድ ሰው ከቆመ መኪና ይወርዳል፣ ይጮሃል፣ ወደ ሠልጣኙ ይመጣል፤ ድንገት ቀኝ እጁን ወደ ኮቱ ውስጥ ይሰዳል። ሠልጣኙ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ በዒላማ ተኩስ ከክፍሉ አንደኛ። ተኮሰ። ፊልሙ ቆመ። እጁ ገና ከኮቱ አልወጣም ነበር። መብራት ሲበራ ልጁ ላብ በላብ ሆኖ፣ “መምህር፣ ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር?” አለኝ። ግራውን እንዲያይ ነገርኩት። ከፊልሙ በፊት ከአዳራሹ በስተግራ፣ ከቆመበት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ፣ በመኪና ቁመት የተሠራ የእንጨት መከለያ አቁመን ነበር። አላየውም። ሲገባ ጀምሮ ዓይኑ ሽጉጡ ላይ ነበር፤ ያስተማርነውም ሽጉጡን ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ፊልሙን ከመጀመሪያው አስጀመርነው። ሰውየው ሲጮህ ልጁ ሦስት እርምጃ አፈገፈገና ከመከለያው ጀርባ ገባ። ጣቱን ከቃታው ውጪ፣ በሽጉጡ ጎን ላይ ዘረጋ። “ፖሊስ! እጅህን በዝግታ አውጣ!” አለ፤ ደግሞ አለ። ፊልሙ ቀጠለ። እጁ ወጣ። የያዘው መታወቂያውን ነበር።